ጋሽ ደሴና ቁጥር 214

ረቡዕ ጥቅምት 17 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በመተማ ዮሐንስ የወባ ጣቢያ የማይክሮስኮፕ አንባቢ የነበሩት አቶ ደሴ ታከለ ቁጥር 214 የሆነውን የደም ናሙና አንብበው ሲጨርሱ መዝገቡ ላይ «የለም» ብለው ጻፉ። ወባው ግን ነበር።

ስሕተቱን ያገኘባቸው ሰው የለም። ያገኙትም ለሰው የተናገሩትም ራሳቸው ናቸው። እኔ በዚያ ሳምንት እዚያው ነበርኩ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ግማሹን ከእሳቸውና አብራቸው ትሠራ ከነበረችው ከእታገኝ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ወር ከመተማ የመጣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋሽ ደሴ ጡረታ መውጣታቸውንና ዕቃቸውን ጭነው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ደባርቅ መሄዳቸውን ነገረኝ። በሥራዬ ብዙ ባለሥልጣን፣ ብዙ ምሁር አነጋግሬአለሁ። አንድን ነገር «አየሁ» ከማለቴ በፊት ቆም ብዬ እንዳስብ ያስተማሩኝ ግን እኚህ የደም አንባቢ ናቸው። ወንበራቸው ባዶ መሆኑን ስሰማ ይህን መጻፍ እንዳለብኝ ተሰማኝ።

በዚያ ዓመት ወደ መተማ የተላክሁት ስለ ሰሊጥ አጨዳው ዘገባ እንድጽፍ ነበር። ከወሎ፣ ከጎጃምና ከደጋው ጎንደር የመጡ የቀን ሠራተኞች በየእርሻው ሞልተዋል፤ ጥቅምት ደግሞ የሰሊጥም የንዳድም ወር ነው። ወደ እርሻ የሚወስደኝ መኪና ስላጣሁ ከተማው ውስጥ ሰነበትኩ። የማድረው ከወባ ጣቢያው አጠገብ ባለች ቤት ነበር፤ ሥራ ስፈታ ከጣቢያው ደጃፍ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር እቀመጥ ነበር።

ጣቢያው ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። በአንደኛው ክፍል እታገኝ የሰዉን ጣት እየወጋች የደም ጠብታ በስስ መስታወት ላይ ትቀባለች፤ ካርድ ትጽፋለች። በሁለተኛው ክፍል ጋሽ ደሴ ከማይክሮስኮፑ ጋር ይቀመጣሉ። መስኮታቸው ውጤት የሚጠብቀው ሰው ወደሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር የተከፈተ ነው። ያኔ ወደ ሃምሳ የተጠጉ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ሃያ ዓመት በአንድ ዓይን ብርጭቆ ላይ ስላፈጠጡ ቀኝ ዓይናቸው ከግራው ሰፋ ያለ ይመስል ነበር።

የታችኛው ከንፈራቸው ሁልጊዜ አበጥ ያለ ነው። ከሥሩ ሱረት አለ። ሱዳኖቹ ቱምባክ ይሉታል፤ የሚመጣው ከማዶ፣ ከገላባት ነው። ርጥብ የትንባሆ ዱቄት ነው፤ በጣት ተድቦልቡሎ ከንፈር ሥር የሚያዘውን አንዱን ድብልብል መተማዎች እንደ ሱዳኖቹ «ሰፋ» ይሉታል። የጋሽ ደሴ ደንብ ሁለት መስታወት፣ አንድ ሰፋ ነበር። አሮጌውን አሸዋ ወዳለበት የወተት ቆርቆሮ ይተፋሉ፤ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ አዲሱን ይይዛሉ፤ ከዚያ ሌላ መስታወት ያነሣሉ።

ሌላም ደንብ ነበራቸው። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት አንድ የደም ጠብታ እንደ እርሻ በመስክ በመስክ የተከፈለ ነው። «የለም» ለማለት መቶ መስክ መታየት አለበት። ጋሽ ደሴ የሚቆጥሩት በሽምብራ ነው። ከግራቸው ስኒ ማስቀመጫ ላይ አሥር ሽምብራ ይደረደራል፤ አሥር መስክ ባዩ ቁጥር አንዱን ወደ ቀኝ ያሻግራሉ። «አሥሩ ሽምብራ ሳይሻገር መስታወት አይነሣም» ይሉ ነበር። ሠራተኞቹም ይህን ያውቁ ነበርና በመስኮት እያዩ «የኔ ስንት ቀረው ጋሼ?» ብለው ይጠይቋቸዋል።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን አብረን ገበያ ወጣን። ስንመለስ «እስኪ ጋዜጠኛ፣ ምን አየህ?» አሉኝ። ዘረዘርኩላቸው። ከማዶ የገባ ሽቶና ሳሙና፤ ማጭድ የሚያስሉ ወሎዬዎች፤ ጆንያ ላይ ተኝቶ የሚገበያይ ሽንኩርት ሻጭ። ጨርሼ ስመለከታቸው ፈገግ አሉ።

«ሱረት ሻጭ አራት ነው» አሉኝ። «ሁለቱ አዲሶች ናቸው። ከጥጉ ያለችው ውሃ አብዝታበታለች፤ ነገ ይሻግታል። ያ የሽንኩርቱ ሰውዬ የራሱን ከጆንያው አፍ ደብቆታል፤ ጥሩ ነው፣ ግን አይሸጠውም።»

እኔ የተኛውን ሰው ሳይ እሳቸው ከጆንያው አፍ ያለውን አይተዋል። ተደነቅሁ። ማታ በማስታወሻዬ ላይ «ጋሽ ደሴ፦ እጅግ አስተዋይ ሰው» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ዐረፍተ ነገር ከሳምንት በኋላ አረምኩት።

አርብ ጥቅምት 12 ቀን ወደ ሱዳን የሚያሻግረው ኬላ ተዘጋ። ለምን እንደተዘጋ የሚናገር አልነበረም፤ የሚጠይቅም አልነበረም። ሳሙናው አልመጣም፣ ሽቶው አልመጣም፣ ከሁሉም በላይ ቱምባኩ አልመጣም። በአራተኛው ቀን ከተማው ተኮሳትሮ ዋለ። ሹፌሮች በማይረባ ነገር ይጣላሉ። የኬላው ጠባቂ ሻይ ቅጠል በአመድ አሽቶ ከንፈሩ ሥር ይዞ አየሁት። ጋሽ ደሴም ሞክረውት ኖሮ ተፉት።

ያላቸው ያለቀው ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ረቡዕ እኔም ትኩሳት ቢጤ ስለተሰማኝ ደሜን ሰጥቼ እንደ ሰዉ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ደሴ ሦስት ጊዜ ተነሥተው በር ድረስ መጥተው ወደ ኬላው አቅጣጫ ተመለከቱ። እታገኝ ከወዲያኛው ክፍል፣ «ጋሼ፣ ከንፈርዎ ባዶ ሲሆን ማይክሮስኮፑም ባዶ ይሆናል መሰለኝ። ዛሬ ሁሉ 'የለም' ሆነሳ!» አለች። አግዳሚው ላይ ያለን ሁሉ ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። የኔም ውጤት «የለም» ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ከገለጉ የመጣ ሹፌር በቆዳ የተቋጠረ እፍኝ የምታህል ሱረት ለጋሽ ደሴ አመጣላቸው። ሲይዙት አጠገባቸው ነበርኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩ። ትከሻቸው ወረደ። ደስ ብሏቸው ይጫወታሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው ከበፊቱ ይልቅ ጠቆረ።

«እታገኝ» አሏት፤ «ከማክሰኞ ከሰዓት ወዲህ ያነበብኩትን ሁሉ አምጪልኝ።»

«ሁሉንም? አርባ አንድ ነው እኮ ጋሼ። ተነቧል።»

«አልተነበበም። እጄ ሽምብራ ሲያሻግር ነው የከረመው።»

አርባ አንዱን መስታወት ከሳጥን አውጥታ ደረደረችላቸው። አዲስ የመጡትን ሰዎች ያስቀድማሉ፤ ፋታ ሲያገኙ ወደ አሮጌዎቹ ይመለሳሉ። የኔን ከመጀመሪያዎቹ መካከል አነበቡት። «ያንተ አሁንም የለም» አሉኝ ዓይናቸውን ሳያነሡ፤ «ስንፍና ነው።»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ እጃቸው ቆመ። ለእታገኝ ቦታ ለቀቁላት። እሷም የደም ንባብ ተምራ ነበር፤ ሥራዋ ጣት መውጋት ስለሆነ ግን ማይክሮስኮፑ ጋ ብዙ አትደርስም። አየች፤ ቀና አለች። ከዚያ እኔን ጠሩኝ። ሐምራዊ መሬት ላይ የተበተኑ ትናንሽ ቀለበቶች አየሁ፤ እያንዳንዳቸው ፈርጥ አላቸው። በአንዱ መስክ ብቻ ሦስት ቆጠርኩ።

«ይሄ ክፉኛው ነው» አሉ ጋሽ ደሴ። «ራስ ላይ የሚወጣው። ይሄን ጀማሪም አይስተውም።»

መስታወቱ ቁጥር 214 ነበር። ካርዱ ሰይድ አሊ ይላል፤ የቀን ሠራተኛ፣ ከወሎ፤ ከከተማው በትራክተር ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ የመንግሥት እርሻ ስም ተጽፎበታል። ሰውየው «የለም» የሚል ወረቀት ይዞ ትናንት ተመልሷል። እንዲህ ያለው ንዳድ መድኃኒት ካላገኘ በሁለት በሦስት ቀን ሰው እንደሚገድል ሦስታችንም እናውቃለን።

ሰውየው ምን እንደሚመስል ጠየቅኋቸው። ለኔ የሙያ ጥያቄ ነው። አላውቅም አሉኝ። ረጅም ነው አጭር? አላውቅም። ሽማግሌ ነው ጎልማሳ? ራሳቸውን ነቀነቁ። መስኮታቸው ፊት ለፊት ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ የነበረ ሰው ነው።

«ደረት ኪሱ ውስጥ ቆርቆሮ አለ» አሉኝ ቀስ ብለው። «የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነው። ጽሑፉ ተፍቆ ነጥቷል። ክዳኑ እንዳይከፈት ቀይ ላስቲክ አስሮበታል። ሁለት ጊዜ አወጣው። በሁለተኛው ሲከፍተው ሩብ ያህል ቀርቶታል። በግራ አውራ ጣቱ ነው የሚጠቀጥቀው።» ከዚያም፦ «መቶ መስክ አይቻለሁ። ዓይኔ መስታወቱ ላይ ነበር። ልቤ ግን በመስኮት ወጥቶ የሰውየው ኪስ ውስጥ ገብቷል።»

ያኔ ገበያውን አስታወስኩ። ሽንኩርት ሻጩ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሰውየውንማ መች አየሁት» አሉኝ። ማስታወሻዬን ያረምኩት በዚያ ቀን ነው።

ጋሽ ደሴ መዝገቡን ለማረም ቀይ እስክሪብቶ ሲያነሡ እታገኝ ከእጃቸው ያዘችው። መጀመሪያ ሰውየው ይገኝ፣ ከዚያ ይጻፉ አለቻቸው። ምክንያት ነበራት። በወሩ መጨረሻ ከጎንደር ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ መስታወቶቹንና መዝገቡን ያስተያያል። የዚያን ዘመን ስሕተት ደግሞ ስሕተት ተብሎ ብቻ አይታለፍም፤ የአጨዳው ሠራተኛ ከሞተ «ሻጥር» የሚል ስም ሊወጣለት ይችላል፤ ሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። መስታወቱ ደግሞ ቀጭን ነው። ከእጅ ቢወድቅ ይሰበራል፤ የተሰበረ መስታወት ደግሞ በየሳምንቱ አለ። ይህን ማንም አላነሣውም። እሷ ግን መስታወቱን ስታይ ነበር፤ እሳቸውም ስታይ አይተዋታል።

«ቀድሞ ይጻፍ» አሏት። «ኋላ ሐሳቤን ብቀይርስ?» እስክሪብቶውን ወስደው «የለም» ከሚለው ቃል ሥር በቀይ «አለ» ብለው ጻፉ። የላይኛውን አልሰረዙም።

አርብ ጠዋት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለማውጣት አብሬአቸው ሄድኩ። ያለ ወረቀት ከከተማ የሚወጣ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ምክንያት ሲጠይቃቸው «ስሕተቴን ለማረም» ብለው መለሱ። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን እንደያዘ ተመለከታቸው።

«ጓድ ደሴ፣ እንዲህ ተብሎ ወረቀት አይጻፍም። እኔንም ያስጠይቀኛል። 'ለሥራ ጉዳይ' ልበልልዎት?»

«በል እንግዲህ» አሉት።

በትራክተር ተሳቢ ላይ ተቀምጠን ሄድን። ጥቁሩ መሬት ገና አልደረቀም፤ ጎማው እየተንሸራተተ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ጋሽ ደሴ መድኃኒቱን በፎጣ ጠቅልለው መንገዱን ሁሉ ጭናቸው ላይ ይዘውት ሄዱ። እርሻው ስንደርስ አምስት ሰዓት አልፏል። ሰሊጡ ታጭዶ እንዲደርቅ በየቦታው ተደግፎ ቆሟል፤ እንዲህ ያለውን ክምር እዚያ «ሂላ» ይሉታል። እርሻው ዓይን እስኪደክም ድረስ ሂላ ብቻ ነው።

የሠራተኞቹ ካቦ አበጀ የሚባል ጎጃሜ ነበር። የመጣንበትን ነገርነው።

«ሰይድ?» አለ። «የቱ ሰይድ? እኔ ዘንድ አሥራ አንድ ሰይድ አለ። ሰይድ አሊ ብትሉኝ ራሱ አራት ነው። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ተበትነው ነው የሚያጭዱ።»

ለምሳ የተሰበሰቡ መቶ የሚሆኑ ሰዎች ከአንድ ትልቅ ዳስ ሥር ነበሩ። አበጀ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰይድ አሊን ጠራ። ማንም አልተነሣም። ደግሞ ጠራ። ሰዎቹ ምግባቸውን ያያሉ። አንዱ ሰይድ አሊ ከፊታችን እንደተቀመጠ ኋላ አወቅሁ፤ አቤት አላለም። ያኔ ነገሩ ገባኝ። ሁለት የከተማ ሰዎች ነን፤ አንዱ ወረቀት፣ አንዱ ማስታወሻ ደብተር ይዟል፤ ስም እየጠራን ነው። በዚያ ዓመት ወረቀት ይዞ ስም የሚጠራ ሰው የሚመጣው ለዘመቻ ሊወስድ ነው። ደብተሬን ኪሴ ከተትኩ፤ ግን ዘግይቼ ነበር። ጋሽ ደሴ ለመድኃኒት ነው የመጣነው ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። የባሰ ነገር የሆነ መሰለ፤ ከኋላ ያሉት ሁለት ሰዎች ተነሥተው ወደ ሰሊጡ ገቡ።

ጋሽ ደሴ የራሳቸውን የቆዳ ቋጠሮ ከኪሳቸው አወጡና ዳሱ መካከል መሬት ላይ ፈትተው አስቀመጡት።

«ስሙን ተዉት» አሉ። «ቀይ ላስቲክ የታሰረበት ቆርቆሮ ያለው የታለ?»

ያየሁትን እንዳየሁት ልጻፍ። ሱረት የማይወስዱት ሰዎች ወደ ጋሽ ደሴ ማየታቸውን ቀጠሉ። ሱረተኞቹ ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ፣ ሳያስቡት፣ ራሳቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዞሩ፤ ከግራሩ አጠገብ ወዳለው ወደ መጨረሻው ሂላ። ሰባት ቀን ሙሉ በዚያ እርሻ ሱረት የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቆርቆሮው የት እንዳለ፣ መቼ እንደተከፈተ፣ ስንት እንደቀረው ሁሉም ያውቁ ነበር። የሰውየውን ስም የማያውቅ ቆርቆሮውን ያውቃል።

አንድ ሸበቶ ሠራተኛ ከሌሎቹ በፊት ተናገረ። «እሱ ተኝቷል። ለምነነው አንድ ሰፋ የነፈገን ሰው ነው። ብቻውን ሲያግበሰብሰው ጊዜ አዞረው።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አሉ ጋሽ ደሴ፤ መንገድ ጀምረዋል።

«ከትናንት ጠዋት። ሲቀባዥር ነው ያደረው። ንዳድ ነው እንዳንል ደግሞ ንዳድ የለብህም የሚል ወረቀት ከናንተው አምጥቷል።»

ከሂላው ጥላ ሥር ሁለት ጆንያ ለብሶ አገኘነው። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጢሙ ያልተላጨ ሰው ነው። ጥርሱ ይንቀጫቀጫል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ቆርቆሮው ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ጋሽ ደሴ ተንበርክከው ግንባሩን ዳሰሱ፤ ስሙን ጠየቁት፤ ነገራቸው። የት እንዳለ ጠየቁት፤ ትንሽ አሰበና የእርሻውን ስም ተናገረ። ይህን ሲሰሙ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። አእምሮው ገና ከእሱ ጋር ነው ማለት ነው።

«ወንድሜ» አሉት፤ «ረቡዕ 'የለብህም' ያልኩህ እኔ ነኝ። አለብህ።»

ሰይድ አንገቱን ቀና አደረገ።

«አብሽር ጋሼ» አለ፤ «እኔስ ማን ይዞኝ ይሆን ስል ነበር።»

የመጀመሪያውን ኪኒን ተፋው። ጋሽ ደሴ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቀው በስኳር ውሃ በጥብጠው ደገሙለት፤ ያዘለት። ተሳቢው ላይ ሰሊጥ ጭድ አንጥፈን አስተኛነው። የቆዳውን ቋጠሮ ለማንሣት ወደ ዳሱ ስመለስ ባዶውን አገኘሁት። ለጋሽ ደሴ ስነግራቸው «ይገባቸዋል» አሉ።

በመንገድ የሰይድን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው ያዙት። ተሳቢው ሲንገጫገጭ ቆርቆሮው ከኪሱ ወጥቶ ጣውላው ላይ ወደቀ። ጋሽ ደሴ አነሡት፤ ኪሱ ውስጥ መልሰው ቁልፉን ቆለፉበት። ከተማ እስክንደርስ ሰባት ጊዜ ዓይናቸው ወደዚያ ኪስ ሄደ፤ ቆጥሬአለሁ። ሰባቱንም ጊዜ ወደ ሰውየው ፊት መለሱት።

የኩዊኒኑን መርፌ የወጋችው እታገኝ ናት። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ሁኔታው አስፈራን። እሑድ ጠዋት ሰይድ ተነሥቶ ቁጭ ብሎ ሾርባ ጠጣ፤ ከዚያም ቆርቆሮዬ የት አለ አለ። እታገኝ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች። ጋሽ ደሴ አመጡለት። ከፍቶ ተመለከተና ለእሳቸው ዘረጋላቸው። አንድ ሰፋ ወሰዱ። ሁለቱም ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። እኔም ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ የተኛሁት በዚያ ቀን ነው።

ተቆጣጣሪው በወሩ መጨረሻ መጣ። እኔ ሄጄ ነበር፤ ይህን የሰማሁት ከእታገኝ ነው። ሁለቱን ቀለም አይቶ ጠየቀ። ጋሽ ደሴ ከሱረቱ ጀምረው ሁሉንም ነገሩት። ሰውየው መስታወቱን ራሱ አነበበ፤ ከዚያም የመዝገቡን ግርጌ ፈርሞ ሌላ ገጽ ገለጠ። ከጎንደር የተጻፈ ነገር አልመጣም። እታገኝ ሁለት ወር ሙሉ መኪና በቆመ ቁጥር በሩን ታይ እንደነበር ነግራኛለች።

ጋሽ ደሴ በዚያ የተነሣ ሱረት ተዉ ብል ውሸት ነው። አልተዉም። ደንብ ግን ጨመሩ። ከንፈራቸው እየፈለገ፣ ልባቸው ውጭ ውጭ እያለ ያነበቡት መስታወት ካለ ከቁጥሩ አጠገብ ነጥብ ያደርጋሉ። ነጥብ ያለበትን እታገኝ ደግማ ታነበዋለች። «ሰው የማያየውን ነገር አያውቅም» ይሉኝ ነበር፤ «የሚፈልገውን ግን ያውቃል። ስለዚህ ስፈልግ ለሰው እናገራለሁ።» መጀመሪያ ነጥቡ በቀን አሥር አሥራ አምስት ይሆን ነበር። እታገኝ በነጥቡ ብዛት እየቀለደች ማይክሮስኮፑን ከእሳቸው እኩል ተማረችው።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው በ1981 ዓ.ም. ነው። ከንፈራቸው ጠፍጣፋ ሆኖ አገኘሁት፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው መስለውኝ ነበር። ሱረት ከተዉ አሥራ አንድ ወር ሆኗቸዋል። ሁለት ጊዜ ትተው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ገበያ ወጣን። ስንመለስ በዚያች በጥንቷ ጥያቄ እኔ ቀደምኳቸው።

«ሦስት ሱረት ሻጭ» አሉኝ፤ «አንዱ ደረቅ ነው። እጄ ትቷል፤ ዓይኔ ገና ነው።» ጥቂት ከተራመድን በኋላ ጨመሩ፤ «ሽንኩርት ሻጩ ሸብቷል። በግራ እግሩ ያነክሳል። ድሮም ያነክስ ነበር እንዴ?»

አዎ፣ ድሮም ያነክስ ነበር።

ስለ 1975ቱ ነገር አንድ ቀን ልጽፍ እንደምችል ነገርኳቸው። ስሜን ጥራ አሉኝ፤ ከመጻፍህ በፊት ግን መዝገቡን እይ። የመዝገቦቹን ሣጥን ቁልፍ ሰጡኝ። የዚያ ጥቅምት መዝገብ ሽፋኑ በምስጥ ተበልቷል፤ ውስጡ ደህና ነው።

ቁጥር 214፦ በሰማያዊ «የለም»። ከሥሩ በቀይ «አለ፤ ዳግም ንባብ፣ ጥቅምት 18፣ ከቀኑ 9፡40፣ ደሴ ታከለ»።

ጥቂት ገጽ ገለጥኩ።

ቁጥር 519፦ ሰኞ ጥቅምት 29 ቀን 1975 ዓ.ም.። ሰይድ አሊ፣ ወሎ። የታየው ሁለት መቶ መስክ። የለም። አንባቢ ደሴ ታከለ። ዳግም አንባቢ እታገኝ። ነጥብ የለውም።